የማህበር ነው ወይስ የቤት?

ክረምት ገብቶ ፀሐይ ስትጠፋ፣ ለቡ ያለው ሱቄ ገና በሩ ሲከፈት የረጠበ የሱፍ ምንጣፍ ሽታ ብቅ ብሎ ይቀበለኛል። እርጥብ በግ፣ የዱቄት ሳሙና፣ የከረመ ወጥና የሰው እግር አንድ ላይ ሲቀቀሉ የሚሰጡት ሽታ ነው። ሠራተኞቼ አፍንጫቸውን ይዘው መስኮት ለመክፈት ይሯሯጣሉ፤ እኔ ግን ሽታው እጄን ይዞ ሀና ማርያም መንገድ ዳር ወደነበረው ግቢያችን ይመልሰኛልና ባለሁበት ቆሜ እቀራለሁ። ሌላው ሰው የልጅነቱን ሽታ ሲያወራ አበባ ነው፣ ቅቤ ነው፣ የእናት ቀሚስ ነው። የኔ የጎረቤት እግር ነው። ምን ላድርግ፣ የደረሰኝን ነው የምጽፈው።

አባቴ ምንጣፍ አጣቢ ነበር። ቤታችን ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ይሁን እንጂ ግቢው ሰፊ ነበር፤ ፊት ለፊት ወደ ለቡ የሚወስደውን መንገድ የሚያይ የድንጋይ አጥር፣ ከቤቱ ጀርባ ደግሞ በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ሽቦ የተወጠረበት ጓሮ ነበረን። አባዬ ከዚያ በፊት በረሃ ወርዶ የእርሻ መጋዘን ሲጠብቅ የኖረ፣ እኔ ዳዴ ስል ሄዶ የወተት ጥርሴ ሲነቃነቅ የተመለሰ ሰው ነው፤ የተመለሰውም ወባ ግማሹን አስቀርታው፣ የቀረው ግማሽ የቆርቆሮ ሻንጣውን መሸከም አቅቶት እየተንገዳገደ ነበር። እማዬ ሻንጣውን ተቀብላ ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀለችና «ከዛሬ ጀምሮ በረሃህ ይሄ ግቢ ነው» አለችው፤ ሁለት በርሜልና ብሩሽ ገዝታም ሥራውን አስጀመረችው።

ቤታችን ሁለት ሃይማኖትና አንድ ቧንቧ ያለው ቤት ነበር። አባዬ የመንዝ ሰው፣ ማርያምን ሳይሳለም የማይውል ኦርቶዶክስ፤ እማዬ የወላይታ ልጅ፣ እሁድ እሁድ መዝሙሯ ከአጥር ውጭ የሚሰማ ጴንጤ። በእምነት ተጣልተው አያውቁም። የሚጣሉት በዋጋ ነበር።

መስከረም ሲጠባ፣ ክረምቱን ሙሉ አፍንጫውን ዘግቶ የከረመው ሰፈር ድንገት ነቅቶ ምንጣፉ እንደሚሸት ያውቅ ነበር። ምንጣፉ በትከሻ፣ በጋሪ፣ በታክሲ ጣሪያ እየተጫነ ይመጣና ግቢያችን ይሞላል፤ እኔና እማዬ ጫፍና ጫፉን ይዘን ስናራግፍ፣ አባዬ በዱላ ይወቅጠው ነበር። ሰውን ማወቅ ከፈለጋችሁ ቤቱ አትሂዱ፣ ምንጣፉን አራግፉ። ሳሎኗን በመጋረጃ ላይ መጋረጃ የደራረበች ሴትዮ ምንጣፍ ውስጥ ያለፈው ዓመት የዶሮ አጥንት አግኝተናል። ልጆቹን በእንግሊዝኛ የሚቆጣ ሰውዬ ምንጣፍ ደግሞ ቁንጫዋ ብቻ ለአንድ በግ ትበቃ ነበር። ሁሉም ሲያስረክቡ ግን አፋቸው አንድ ነው፦ «ቆሻሻ እንኳ የላትም፣ ትንሽ አቧራ ነካ አድርጓት ነው።»

አባዬን በማጠብ የሚስተካከለው አልነበረም፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ አረፋው ውስጥ ሲንበረከክና ብሩሹ ሸክ ሸክ ሲል፣ የሞተ ቀለም ተነስቶ ሲስቅ አይቻለሁ። ዋጋ ላይ ሲደርስ ግን ያ ሁሉ ጉልበት ውሃ ይሆን ነበር። «ጋሽ ሽፈራው፣ ስንት ነው?» ሲሉት አንገቱን ይሰብርና የታጠበውን ምንጣፍ እንደገና በመዳፉ እያሻሸ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ እርስዎ የፈቀዱትን» ይላል። «የፈቀዱትን» ማለት ለሰው ልጅ የሚቀርብ ትልቅ ፈተና ነው፤ በልጅነቴ ያንን ፈተና ያለፈ ደንበኛ፣ ኋላ ከማነሳት ከአንዲት ሴት በቀር፣ አላየሁም። አንዱ ምንጣፉን አራት እጥፍ አጥፎ ያመጣና «ትንሽ እኮ ናት» ይላል። ሌላዋ «ነገ ትልቁን አመጣልሃለሁ፣ የዛሬዋን ቀነስ አድርግልኝ» ትላለች። ያቺ የነገዋ ትልቅ ምንጣፍ ስንት ዓመት የዛሬዎቹን ዋጋ ስታስወርድ ኖረች፣ ራሷ ግን አንድም ቀን መጥታ አታውቅም።

«ሽፈራው» ትለው ነበር እማዬ፣ እነሱ ከወጡ በኋላ፣ «አንተ ምንጣፍ አይደለም የምታጥበው፣ የራስህን ኪስ ነው።»

«ሰው ምን ይለኛል፣ አማረች?»

«ምንም አይልህም። ሰው የሚለው ስታስከፍለው ነው፤ ካላስከፈልከውማ መቼ ስምህን ያስታውሳል?»

አባዬ ፈገግ ይል ነበር። ይሉኝታ የያዘው ሰው ፈገግታ ብቻ ነው ያለው፤ ፈገግታ ደግሞ ሳሙና አይገዛም።

የባሰው የመጣው በኅዳር ነው። አባዬ በየወሩ በሃያ አንድ የሚሰበሰብ የማርያም የጽዋ ማህበር አባል ነበር፤ ማህበርተኛው በየተራ ቤቱን አሰናድቶ ይደግሳል፣ ተረኛውም ቤቱንና ምንጣፉን አሳምሮ ይጠብቃል። ያን ቀን የማህበሩ ሰብሳቢ ከድግሱ በኋላ ተነስተው «ይህ ዛሬ የተቀመጥንበት ምንጣፍ እንዲህ ያማረው በሽፈራው እጅ ነው፣ እጁን ይባርክለት» ብለው መረቁ። እማዬ በኋላ እንዳለችው፣ አባዬ ከድሮም ምርቃት ከጠላ በላይ ያሰክረው ነበር፤ ያን ቀን ደግሞ ሁለቱም ነበሩ። ብድግ አለና «ከእንግዲህ የማርያም ማህበር የሚቀመጥበት ምንጣፍ፣ እኔ ግቢ ገንዘብ አይከፈልበትም!» አለ። እልል ተባለ። ያ እልልታ እስከ ፋሲካ ድረስ ጆሮዬ ላይ ሲጮህ ከረመ።

ማህበሩ በወር አንድ ቤት ብቻ ነው የሚገባው። እኛ ግቢ ግን ከታኅሣሥ ጀምሮ ሰፈሩ በሙሉ ተረኛ ሆነ። ተረኛዋ የእህቷን ምንጣፍ ጨምራ ትልካለች፤ እህትየዋ የጎረቤቷን፤ ጎረቤቷ ደግሞ ማህበሩን በስም እንኳ ሳታውቀው «የማርያም ናት» ብላ ታወርዳለች። ማርያም ያን ያህል ምንጣፍ እንዳላት መጽሐፍም አይናገርም። ይህን የሰሙ የእማዬ ቤተክርስቲያን ሰዎችም ዝም አላሉም፤ ሽማግሌው አቶ ዳና በገና ሰሞን ሁለት ምንጣፍ በጋሪ ጭነው መጡና «እኛም ቤታችን ጸሎት እናደርጋለን። የጌታ ከማርያም ያንሳል እንዴ፣ ጋሽ ሽፈራው?» አሉ። አባዬ የሚስቱን ወገን ለየ እንዳይባል ሁለቱንም ተቀበለ። በነፃ ነገር ላይ ሁለቱ ሃይማኖቶች እንደዚያ ተስማምተው አይቼ አላውቅም።

በጥር ፀሐይ፣ ምንጣፍ በግማሽ ቀን በሚደርቅበት፣ ዓመቱን በሚያስበላው ወቅት፣ ግቢያችን በቅዱስ ምንጣፍ ተጨናንቆ የሚከፍል ሰው ማንጠፊያ አጥቶ ይመለስ ነበር። በጾሙ መግቢያ አንድ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ ያ የቆርቆሮ ሻንጣ ከቁም ሣጥኑ ወርዶ መሬት ላይ ተቀምጦ አየሁት። አባዬ ዝገቱን በአሸዋ እየፈተገ ነበር።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«ጓደኛዬ ከእርሻው ልኮብኛል፣ ብርቄ። እስከ ፋሲካ እናየዋለን። ካልሆነ ከበዓሉ በኋላ የሚወርድ መኪና አለ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻንጣውን እፈራው ነበር። ሌሊት ሌሊት እየተነሳሁ ክዳኑን ከፍቼ ልብስ ገብቶበት እንደሆነ አያለሁ፤ ባዶ ሲሆን እተኛለሁ። አባት የሌለበት ቤት ምን እንደሚመስል አውቀው ነበርና፣ አባት ሲመለስ ምን እንደሚመስልም። እማዬ ደግሞ ምንም አላለችም። እማዬ ዝም ካለች ሒሳብ እየሠራች ነው።

ሰሙነ ሕማማት ደረሰ። አባዬ እንደየዓመቱ ሳምንቱን ሙሉ ለስግደት ሀና ማርያም ዋለ፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ ጉልበቱን ይዞ ይመለሳል፣ እህል ቀምሶ ይተኛል። ለምንጣፍ አጣቢ ከዓመቱ ሁሉ የበለጠችው ሳምንት፣ ሰው ሁሉ ለፋሲካ ምንጣፉን የሚያሳጥብባት ሳምንት፣ በእናቴ እጅ ወደቀች። እማዬ ሁለት የሰፈር ጎረምሶች ለአጠባው ቀጠረችና እሷ በሩ ላይ በርጩማ አውጥታ ተቀመጠች፤ ለመጣው ሁሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፦

«የማህበር ነው ወይስ የቤት?»

«የማህበር» ያለ፣ «ይባረኩ» ትለውና ምንጣፉን ትቀበላለች፤ ታጥቦ ሲያልቅ መንገድ ዳር ያለው የድንጋይ አጥር ላይ፣ ፊቱን ወደ ታክሲው መቆሚያ አድርጋ ትሰቅለዋለች። «የቤት» ያለ ይከፍላል፤ ምንጣፉም ጓሮ፣ ማንም በማያየው ሽቦ ላይ ይደርቃል። በቃ፣ ይሄው ነው። መጀመሪያ የሰቀለችው የራሷን ቤተክርስቲያን ሽማግሌ የአቶ ዳናን ምንጣፍ ነበር፣ ማንም አዳላች እንዳይላት። ቀጥሎ የወይዘሮ ጥሩወርቅን ዘረጋችው።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ፎቅ ቤት ያላት፣ ባሏ ኮንትራክተር የሆነ፣ ሠርግ ላይ የተቀመጠችበትን ወንበር ሰው እንዲያይላት ወንበር የምትቀያይር ሴት ነበረች። ምንጣፏ ከዱባይ የመጣ፣ መሐሉ ላይ ጭራውን የዘረጋ ቀይ ጣዎስ ያለበት፣ በሰፈሩ አንድ ብቻ ነው። ማንም ሳያየው የማን እንደሆነ ያውቀዋል። ጣዎሱ አጥራችን ላይ እንደወጣ፣ የለቡ ታክሲ መጥቶ ቆመና ረዳቱ በመስኮቱ ግማሽ ሰውነቱን አውጥቶ ጮኸ፦

«እትዬ አማረች! ይሄ ወፍ የማን ነው?»

«የማህበር ነው ልጄ። በነፃ የታጠበ ነው።»

«የነ ባለ ፎቁ አይደል እንዴ? እነሱም በነፃ ያሳጥባሉ?»

«ማርያም ለሁሉም እኩል ናት» አለች እማዬ።

ታክሲው ውስጥ ሳቅ ፈነዳ። «ለቡ፣ ለቡ! ነፃ ነው፣ ነፃ ነው፣ ለቡ!» እያለ ሄደ ያ ባለጌ። በሚቀጥለው ታክሲ ያለውም ሰምቶ መጣ። ከሰዓት በኋላ ሰዎች ወርደው ከአጥሩ ሥር ቆመው ምንጣፍ እየለዩ ነበር፦ «ይሄኛውማ የእከሊት ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለፀጉሯ የምታወጣው ለምንጣፏ ጠፋ እንዴ?»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ራሷ የመጣችው በማግስቱ ነው፣ ጃንጥላ ይዛ፣ የፀሐይ ይሁን የዓይን ሳይታወቅ።

«አማረች፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ምንጣፍዎ ነው እትዬ። ፀሐይ እያገኘ ነው።»

«መንገድ ላይ? ጓሮሽ ምን ሆነ?»

እማዬ ከበርጩማዋ ተነሳች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ድምጿን ግን ዝቅ አላደረገችም። «እትዬ፣ እኔ እንደሚያውቁት ጴንጤ ነኝ። የማርያምን ነገር ወስጄ ጓሮ ብደብቅ ሰው ምን ይለኛል?»

ከአጥሩ ሥር የነበሩት ዞረው አዩ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጃንጥላዋን ዝቅ አደረገች።

«ወደ ጓሮ አስገቢልኝ።»

«ጓሮ ያለው የቤት ምንጣፍ ነው።»

«የቤት ነው በቃ! ስንት ነው?»

ይህን ቃል ልብ አድርጉ። እዚያ ግቢ ውስጥ ተወልጄ ባድግም ደንበኛ እንደዚያ በችኮላ ዋጋ ሲጠይቅ የሰማሁት ያኔ ነው። እማዬም እንደ አባዬ አንገቷን አልሰበረችም፣ ጣዎሱን ከእግሩ እስከ ጭራው አይታ፣ አባዬ በሕልሙም የማይናገረውን ዋጋ ጠራች። ሴትዮዋ ከቦርሳዋ አውጥታ ከፈለች፣ ምንም አልተከራከረችም። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ የምነግድበትን ትምህርት እዚያው በር ላይ ተማርኩ፦ ዋጋ ምንጣፉ የፈጀው ሳሙና አይደለም፤ ዋጋ ሰውየው እንዳይታይ የሚፈልገው ነገር ነው።

ከዚያ ወዲያ እንደ ጉድ ነበር። አቶ ዳና «ለካ ልጆቹ ተሳስተው ነው የማህበር ያሉት» ብለው ከፈሉ፤ ማህበርተኛው ሁሉ አንድ በአንድ በጓሮ በር እየገባ ከፈለ። እስከ ስቅለት ቅድስናው በሙሉ ከአጥራችን ላይ ወርዶ ጓሮ ገባ።

አንድ ምንጣፍ ብቻ ቀረ። የእማማ የሺ ነበር። እማማ የሺ በሰፈሩ ጉሊት ድንች የሚሸጡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ናቸው፤ ከደንበኞቻችን ሁሉ አባዬ «የፈቀዱትን» ሲላቸው ከሚገባው በላይ ቋጥረው የሚሰጡት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ምንጣፋቸው ከአልጋ ልብስ የማትበልጥ፣ መሐሏ የተበሳ፣ ጠርዟ በመርፌ የተያዘች ናት። የሚያሳፍረው ነገር ደግሞ፣ እሳቸው አልዋሹም። ከፋሲካ በኋላ ያለው የማርያም ማህበር በእውነት የእሳቸው ተራ ነበር፤ «የማህበር ነው» ያሉት ስለሆነ ነው። እማዬ ግን ሕጉን ለሁሉም አንድ አድርጋዋለችና፣ ከዚያ ሁሉ የሀብታም ምንጣፍ የጸዳው ረጅም አጥር ላይ፣ ያቺ የተበሳች ብጣሽ ብቻዋን ተሰቅላ ዋለች። በቀዳዳዋ መንገዱ ይታይ ነበር። የታክሲው ረዳት እንኳ አይቶ አንገቱን ወደ ውስጥ መለሰ።

እማማ የሺ መጡ፣ አዩ። «ፀሐዩ ይበቃታል፣ አማረች» አሉና ገና ውሃዋ የሚንጠባጠበውን ምንጣፍ ጠቅልለው፣ ነጠላቸው እየረጠበ፣ ይዘዋት ሄዱ። እማዬ «እማማ፣ አልደረቀችም እኮ!» ብላ ሁለት እርምጃ ተከተለቻቸውና ቆመች። እኔ ሻንጣው መሄጃ እንዳጣ ስላወቅሁ ደስታዬ ገደብ አልነበረውም፤ የሴትዮዋ ጀርባ ግን ዓይኔ ውስጥ ቀረ።

ቅዳሜ አባዬ ከቤተክርስቲያን ሲመለስ፣ እማዬ ገቢውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ሻንጣውን ቁም ሣጥኑ ላይ ስትመልስ ደረሰ። እንዴት እንደሆነ ነገረችው። ሳቀ፣ የጣዎሱ ጋ ሲደርስ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። የእማማ የሺ ጋ ስትደርስ ሳቁን አቆመ። «እሳቸውንም?» አለ።

«ሕግ ሕግ ነው» አለች እማዬ፣ ግን ሻንጣውን እያስተካከለች ነበር፣ ፊቷን አላዞረችም።

የፋሲካ ዕለት ጾሙን ገድፈን፣ አባዬ «ነይ ብርቄ» ብሎኝ እማማ የሺ ቤት ሄድን። ምንጣፏ አልጋ ላይ እንደረጠበች ተጣጥፋ ሻግታ መሽተት ጀምራለች። አባዬ «እንደገና ትታጠባለች» ሲላቸው «በነፃ ከሆነ ትቅር» አሉት። «በነፃ» የምትለዋ ቃል ያን ሳምንት ሰፈራችን ውስጥ ተበላሽታለች፤ ከእንግዲህ ለማንም የምትሰጥ ነገር አልነበረችም። አባዬም ይህ የገባው ይመስለኛል፤ አንገቱን ሊሰብር ሲል ቀና አደረገውና፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጋ ጠራ።

«በነፃማ አይሆንም። ሃምሳ ሳንቲም ነው።»

እማማ የሺ ዓይናቸውን አፈጠጡ። «ሃምሳ? ለዚች ብጣሽ? አንተ ሽፈራው፣ በፋሲካ ምድር ልትዘርፈኝ ነው?»

«ሳሙና ተወደደ፣ እማማ።»

«በስሙኒ እጠብ!»

«በስሙኒ ከከሰርኩ ልጆቼን ማን ያበላልኛል?»

«ሌባ! ድንች እንዲህ ብዬ ብሸጥ ኖሮ የት በደረስኩ።» ይህን ሲሉ ግን ወገባቸው ተቃንቶ ነበር፤ ጉሊት ላይ እንደሚቀመጡት ተቀምጠው፣ እጃቸውን እያወራጩ፣ ሲጨቃጨቁ ቆዩና በስሙኒ ተስማሙ። ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡት፣ ተቀበለ። ምንጣፏን ሰኞ አጥቦ ጓሯችን ውስጥ፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ አፍራ ገና ካልወሰደችው ከቀዩ ጣዎስ አጠገብ ሰቀላት።

ዘንድሮ ለቡ ላይ ዋጋ የሚወጣው በካሬ ነው፤ ግድግዳዬ ላይ በትልቁ ተጽፏል፣ ማድረቂያ ማሽን ስላለኝም የማንም ምንጣፍ አጥር ላይ አይወጣም። ሰውም የሚያየው ስለሌለ አያፍርም። ባለ ሦስት ፎቅ ቪላ ያላቸው ሰዎች በስልክ ድምፃቸውን ልከው «እህቴ፣ ማድረሻውን በነፃ አድርጊልን፣ ቋሚ ደንበኛ እንሆንሻለን» ይሉኛል፤ ያቺ የነገዋ ትልቅ ምንጣፍ አሁንም በሕይወት አለች። ለነዚህ የእማዬን ዋጋ እጠራላቸዋለሁ፣ ከነ ንቀቱ፣ ንቀቱን ብቻ አላስከፍላቸውም።

አባዬ አርጅቷል፣ ሱቁ በር ላይ ፀሐይ እየሞቀ ይቀመጣል። ገንዘብ መቀበያው ጋ እንዳይደርስ ለሠራተኞቹ ነግሬያለሁ፤ አንድ ቀን ለአንዱ ባለ መኪና «የፈቀዱትን» ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁና። አልፎ አልፎ ግን አንዲት አሮጊት ትንሽ ምንጣፍ በብብቷ ይዛ፣ ግድግዳዬ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንጋጣ እያየች በሩ ላይ ትቆማለች። ያኔ ከኔ ቀድሞ በምርኩዙ ይነሳል፤ ዋጋ መናገር የማይችለው ሰው፣ መከራከር እንድትችል አስቦ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ዋጋ ይጠራላታል። ጭቅጭቁ ውስጥ ድረስ ይሰማኛል። ስንት ላይ እንደተስማሙ ጠይቄው አላውቅም።